ሳይመሽበት የሚመለስ እንግዳ

በሰሜን ደጋ ብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ፀሐይ ያዘቀዘቀችበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ይቆምና «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ የሚሰማው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚል ነው። ከዚህ በኋላ እንግዳው እግሩን ይታጠባል፤ ከምድጃው ዳር ይቀመጣል፤ ቤት ያፈራውን ይቀምሳል፤ ከመደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎለት ያድራል። እርሱም በበኩሉ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። ዝናቡ እንዴት እንደነበረ፣ አዝመራው እንደምን እንደያዘ፣ ከብቱና ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን ይጠይቃል፤ ካለፈባቸው አገሮች የሰማውን ያወራል። ጧት ሲነሣ መርቆ ይሄዳል።

ይህን ሥርዓት ልብ ብሎ ለመረመረ ሰው የሕጉ ቁልፍ «እንግዳ» የሚለው ቃል ሳይሆን «የመሸብኝ» የሚለው ሆኖ ይገኛል። ሌሊት ባይኖር ኖሮ ልመናውም ግዴታውም ባልኖረ ነበር። ብርዱ፣ ጅቡ፣ ገደሉና ጨለማው መንገደኛውን የሰው እጅ እንዲያይ ያስገድዱታል። ባለቤቱም ያው ሌሊት ነገ በሌላ አገር በእርሱ ላይ እንደሚመሽበት ስለሚያውቅ በሩን ይከፍታል። እንግድነት የቆመው አሳዳሪውም አዳሪውም ከአንድ ሌሊት በታች በመሆናቸው ላይ ነው።

እንግዲህ ሳይመሽበት ስለሚመለሰው እንግዳ ምን ይባላል? እርሱ የማንንም በር አላንኳኳም፤ እሳት አልለመነም፤ የማንንም እንጀራ አልቆረሰም። ጧት መጥቶ፣ አይቶ፣ ከፍሎ፣ ቀን ሳለ ተመልሷል። እንዲህ ያለው ሰው ላየው አገርና ለአገሩ ሰዎች አንዳች ዕዳ አለበትን? ወይስ ማየት ብቻውን ማንንም ባለዕዳ አያደርግም?

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ በጎንደር ከተማ እንዲህ ያለው እንግዳ እንግዳ ነገር አይደለም። አራት ወይም አምስት ሰዎች ከአንድ ሾፌርና ከአንድ አስጎብኚ ጋር ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከማደሪያቸው ይነሣሉ። የፋሲል ግቢን ግንቦች ከኋላቸው ትተው፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈው፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ደባርቅ ይደርሳሉ። እዚያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የመግቢያው ዋጋ ይከፈላል፤ ስካውት የሚባለው ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂም አብሯቸው ይሳፈራል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ቡይት ራስና ወደ ሳንቃበር ያቀናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ከመኪናቸው ወርደው በገደሉ አፋፍ በእግር ይጓዛሉ።

ከዚያ የሚያዩት ነገር በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ተደራርቦ የሠራውን አምባ ውኃ ዘመን በዘመን እየሸረሸረ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል አድርጎታል። ከገደሉ ማዶ የቆላው አምባዎች እየደበዘዙ፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ እየተደበቀ፣ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋሉ። ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ከአስታው ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገው ሽበት በነፋስ ይወዛወዛል። የጅንባር ወንዝ ከአምባው ጫፍ ደርሶ ወደ ግጭ ገደል ሲወረወር ከማዶ ቆሞ የሚያየው ሰው ለጊዜው ቃል ያጣል። ምሳ ከአንድ ለምለም መስክ ላይ ይበላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያም መኪናው ፊቱን ወደ ደቡብ ይመልሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ መንገደኞቹ ጎንደር ገብተዋል።

«ምንም ዕዳ የለባቸውም» የሚለው መልስ ቀላል ከመሆኑም በላይ ሚዛናዊ ይመስላል። ለፓርኩ ከፍለዋል፤ ለአስጎብኚው፣ ለስካውቱና ለሾፌሩ ከፍለዋል። የነቀሉት አበባ፣ ያባረሩት አውሬ የለም። ዓይን ከሚያየው ነገር ላይ ቅንጣት ታህል አይቀንስም፤ ተራራውን አንድ ሺህ ሰው ቢያየው ተራራው አያንስም። ዕዳ የሚመጣው ከመውሰድ ነው፤ ያየ ሰው ደግሞ ምንም አልወሰደም። ገበያው ተዘግቷል፤ ሒሳቡ ተወራርዷል። ይህን ክርክር በቀላሉ ገፍቶ ማለፍ አይቻልም። እንዲያውም እንግዳው ከሌሊቱ ሕግ በመውጣቱ ባላገሩም ከሸክም ተገላግሏል ለማለት ይቻላል። ለአንድ ሌሊት እንግዳ የሚወጣው ቆሎና ጠላ በክረምት አጋማሽ ለሚቸገር ቤት ቀላል አልነበረምና።

ይሁን እንጂ ይህ ክርክር የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው። ተራራው ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ እንደነበረና ተመልካቹ የደረሰበት ትዕይንት ማንንም ምንም ያላስከፈለ መሆኑን እንደ እውነት ይቀበላል። ይህ ግምት መመርመር አለበት።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ፍርድ ኃይል ባሳተመው መጽሐፉ የተፈጥሮን ግርማ የሚመለከት ሰው ምን እንደሚሰማው በጥልቀት መርምሯል። በእርሱ አስተያየት የውበት ፍርድ ከጥቅም ፍላጎት ነጻ ነው። የሚያስፈራው የተፈጥሮ ኃይል ደስ የሚያሰኘውም ተመልካቹ ራሱ ከአደጋ ርቆ በደኅና ስፍራ ሲቆም ብቻ ነው። ይኸው ፈላስፋ የጄኔቫው ሊቅ ሶሲር የነገረውን አንድ ታሪክ ይጠቅሳል። አንድ የሳቮይ ገበሬ የበረዶ ተራሮችን ለማየት የሚንከራተቱትን ሰዎች ሁሉ ያለ ማመንታት ጅሎች ብሏቸው ነበር። ካንት ገበሬውን ሥነ ምግባራዊ አስተሳሰቡ ያልዳበረ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል፤ ነገር ግን ወዲያው ይጠራጠራል። ሊቁ ወደ ተራራው የወጣው ለመዝናናት ብቻ ወይም ለወሬ ማሳመሪያ ቢሆን ኖሮ ገበሬው ያን ያህል የተሳሳተ ነበር ለማለት አይቻልም ይላል። ሶሲርን ከጅልነት ያዳነው ለሰው ልጅ ትምህርት የሚሆን ነገር ፍለጋ መውጣቱ ነው።

ይህች የፈላስፋ ጥርጣሬ ለሰሜኑ ጉዳይ ታላቅ ትርጉም አላት። ለቀን ተመልካች ገደሉ ግርማ ነው፤ ከአፋፉ ለሚኖር ገበሬ ግን ጥጃ የሚወድቅበት፣ ልጅ እንዳይርቅ የሚጠበቅበት፣ አፈሩ ከእርሻው እየተጠረገ የሚሄድበት ነው። ይህ ማለት ገበሬው የውበት ዓይን የለውም ማለት አይደለም። እሜት ጎጎን፣ ቧሂትን፣ ጅንባርን፣ ሳንቃበርን በየስማቸው የጠራቸው እርሱና አባቶቹ ናቸው። ስም ማውጣት ደግሞ ከመመልከት ሁሉ የጠለቀ መመልከት ነው። ጎብኚው በማስታወሻው ላይ እነዚያን ስሞች ሲጽፍ የገበሬውን የብዙ መቶ ዓመት ሥራ ይዞ መሄዱን አያስተውልም። ስለዚህ «ምንም አልወሰደም» የሚለው ነገር ገና ከጅምሩ ልክ አይደለም።

የሰሜን ተራሮች «የሰው እጅ ያልነካቸው» ናቸው የሚል አነጋገር በጎብኚዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርም። በእነዚህ አምባዎች ላይ የቤተ እስራኤል ነገሥታት ከአፄ ሠርፀ ድንግልና ከአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ተዋግተዋል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሱ ንግሥ ባሠራው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሠው ድል ያደረገው ካሣ ኃይሉ ነው፤ ስሙም አፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ሰው በእነዚህ ተዳፋቶች ላይ ገብስ ሲዘራ፣ በግና በቅሎ ሲያረባ፣ ጓሳ አጭዶ ቤቱን ሲከድን ኖሯል። ጎብኚው የሚያየው መስክ የእግዚአብሔርና የዝናብ ሥራ ብቻ ሳይሆን የማረሻና የከብት እግር ሥራም ነው።

ታዲያ ዛሬ በብዙው ስፍራ ሰው የማይታየው ለምንድን ነው? ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት በፓርኩ ሰሜናዊ ግርጌ ይኖሩ የነበሩ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች በግዳጅ ከመንደሮቻቸው ተነሥተዋል። የአገሩ ስም ወደ ዓለም መዝገብ ሲገባ የአገሩ ሰው ከአገሩ ወጣ ማለት ነው። በኋላም የዋሊያው ቁጥር ማነሱ፣ የሰፈራውና የግጦሹ መስፋፋት ምክንያት ሆኖ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ለመውጣት ከሚጠበቁት ነገሮች አንዱ በውስጡ የሚኖረውን ሰውና የሚግጠውን ከብት መቀነስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሚሆኑ የግጭ አባወራዎች የገንዘብ ካሣና በደባርቅ ከተማ አካባቢ የመኖሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ከአምባቸው ወረዱ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ይህ ታሪክ የሰሜን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲከለል ነባሮቹ ሕዝቦች እየተገፉ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በታንጋኒካ ማሳዮች የሰረንጌቲን ሜዳ ለቀቁ። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፉ የሰሜንን ታሪክ በምሳሌነት ይዞ ነገሩን «አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ» ብሎታል። በእርሱ ክስ ውስጥ ብዙ እውነት አለ። የአውሮፓን ተራሮች ገበሬና እረኛ ያስዋቧቸው ናቸው እየተባለ በሚወደስበት ዓለም የአፍሪካው ገበሬ የተራራው ጠላት ሆኖ መቆጠሩ ያሳፍራል።

ነገር ግን ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም ወገን መስማት አለበት። ዋሊያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር ሌላ አገር የለውም። ገበሬው ከግጭ ቢነሣ በደባርቅ ይኖራል፤ ችግር ቢበዛበትም ሰው ነውና መንገድ ይፈልጋል። ዋሊያው ከገደሉ ቢነሣ ግን የሚገባበት የለም። ቁልቁለት ላይ የሚዘራ ገብስ የልጅን ረኃብ ያስታግሣል፤ ያው እርሻ በየክረምቱ የሚያስጠርገው አፈር ግን የልጅ ልጅን እንጀራ ይዞ ይሄዳል። የመንግሥት ውሳኔ የተነሣው ከዚህ ሐሳብ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ማረሻ እንጂ ሌላ ሙያ ያልተማረ ሰው በአንድ ቀን ከተሜ ሁን ሲባል የሚያጣው መሬቱን ብቻ አይደለም። የአባቱን መቃብር፣ የጎረቤቱን ደቦ፣ ነፋሱን ሰምቶ የዝናቡን ቀን የሚያውቅበትን ዕውቀት ጭምር ያጣል። ይህን ዕውቀት በካሣ ተመን ውስጥ የሚያስገባ ሚዛን እስካሁን አልተሠራም።

እንግዲህ በዋሊያውና በገበሬው መካከል የሚሰጠውን ፍርድ ለሌላ ጊዜ ትቶ አንድ ነገር መረዳት ይበቃል። በዚህ ክርክር ውስጥ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ተመልካቹ ነው። አምባው ባዶ እንዲሆን ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ባዶ ሆኖ እንዲታይ ነው። ከጅንባር ፏፏቴ ማዶ የቆመው እንግዳ ጸጥታውን ሲያደንቅ ያ ጸጥታ ትናንት የውሻ ጩኸት፣ የእናት ጥሪና የዶሮ ድምፅ እንደነበረበት አያውቅም። እርሱ ማንንም አላፈናቀለም፤ ትእዛዝም አልሰጠም። ጥፋተኛ ነው ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ጥፋትና ዕዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሌላ ሰው በከፈለው ዋጋ የተዘረጋ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሰው ባይሰርቅም ባለዕዳ ነው። በመግቢያው በር የተከፈለው ገንዘብ የጉብኝቱን ዋጋ ይሸፍናል፤ ጉብኝቱ የቆመበትን ዋጋ ግን አይሸፍንም።

ይህ ዕዳ በምን ይከፈላል? ከዚህ ላይ የአስጎብኚው ነገር መነሣት አለበት። ለምሳሌ ያህል ከአምስቱ መንገደኞች አንዷ ከፏፏቴው ማዶ ያለውን አምባ እያየች «እዚያ ላይ ሰው ይኖራል?» ብላ ብትጠይቅ አስጎብኚው ሁለት መልስ አለው። «አይኖርም፤ ፓርክ ነው» ቢል አልዋሸም፤ ነገር ግን እውነቱን ቀብሮታል። «ከዚህ ቀደም መንደር ነበረ፤ ሰዎቹ ዛሬ ደባርቅ ናቸው» ቢል ደግሞ የተከፈለበትን ደስታ ሊያደፈርስ ነው። እንግዶቹ ዝም ቢሉ፣ ቅር ቢላቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ አስጎብኚ ቢመርጡስ? ምናልባትም ከተነሡት ሰዎች መካከል ዘመድ ይኖረው ይሆናል። እንጀራው ከምላሱ ጋር ታስሯል። ሆኖም መሪነት ዓይንን ብቻ መምራት አይደለም፤ ዓይንን የመራ ሰው ፍርድንም ይመራል። የወጉ ባለቤት እርሱ ስለሆነ እውነቱን በጨዋ ቃል፣ ሳያጋንን፣ ሳይቀንስ መንገር የሙያው ክብር ነው። ይህን ሸክም ብቻውን እንዲሸከም መተው ግን ፍትሕ አይደለም። መልሱን ቀላል የሚያደርግለት ጥያቄውን ከልብ የሚጠይቅ እንግዳ ነው።

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ጉዳይ መፍትሔውን ከድሮ ጀምሮ በጉያው ይዞታል። ዛሬ ለሽርሽር የሚውለው «መጎብኘት» የሚለው ቃል ለታመመም ይውላል። የታመመ ይጎበኛል፤ የታሰረ ይጎበኛል፤ እግዚአብሔርም ሕዝቡን ይጎበኛል ይባላል። ጎብኚ ማለት ስለ ሌላው ደኅንነት ብሎ የመጣ ሰው ማለት ነበር። ለዚሁ ሥራ ያለው ሌላው ቃል ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ሕመምተኛን ለማየት የሄደ ሰው «ጠያቂ» ይባላል። ከአልጋው ራስጌ ቆሞ የበሽተኛውን መልክ የሚያደንቅ ጠያቂ የለም። «እንዴት አደርክ? ምን ይሰማሃል? ምን ልርዳህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው ተረት የሚናገረው ስለ ዕውቀት ነው። ከዚህ ያለው መጠየቅ ግን ሊቅ ከማድረጉ በፊት ሰው ያደርጋል።

እንግዲህ የጥንቱ እንግዳ በሌሊት ከታሰረ የዛሬው እንግዳ በጥያቄ ይታሰራል ለማለት ይቻላል። ሌሊቱ እንግዳውን በግድ ከምድጃው ዳር አስቀምጦ ስለ አዝመራውና ስለ ልጆቹ ያስጠይቀው ነበር። በመኪና የመጣው የቀን እንግዳ ይህ ግዳጅ የለበትም፤ ስለዚህ በፈቃዱ ሊጠይቅ ይገባዋል። ግዳጁ ሲነሣ ግዴታው አልተነሣም፤ ከተፈጥሮ እጅ ወጥቶ ወደ ኅሊና እጅ ገባ እንጂ።

ከዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። አንድ መንገደኛ ጠይቆ ምን ይፈይዳል? ለተፈናቀለው ገበሬ ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል፤ ሐዘኑም የጉብኝቱ ቅመም ሆኖ ይቀራል። ተቃውሞው እውነት አለው። በሰው ችግር ላይ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ማዘን ዕዳ መክፈል አይደለም፤ ምናልባትም ሁለተኛ ዕዳ መግባት ነው። ስለዚህ ከእንግዳው የሚጠበቀው ሐዘኔታ ሳይሆን ትክክለኛነት ነው። ያየውን ያየ፣ የሰማውን የሰማ አድርጎ ሲናገር ምስክር ይሆናል። ተመልካች የሚያየው ለራሱ ነው፤ ምስክር ግን የሚያየው ለሌላ ነው።

ለዚህም የጎንደር ታሪክ አንድ ትምህርት አለው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ሊማሊሞን በእግሩ ወጥቶ ጎንደር ገባ። የመሸበት እንግዳ እርሱ ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ተስተናገደ፤ ከሁለት ዓመት ለጥቂት ጎደል ኖረ። የጉዞ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1790 ሲያሳትም ብዙ የአገሩ ሰዎች አላመኑትም፤ ከነገራቸው አብዛኛው ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ይኸው ሰው ግን ከእርሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይን ምንጭ ማየቱን ክዶ የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ፤ በርካታ የግዕዝ የብራና መጻሕፍትንም ይዞ ሄደ። ስለዚህ ሌሊት ማደር ብቻውን ሰውን ታማኝ ምስክር አያደርገውም፤ ቀን መመለስም ብቻውን ሐሰተኛ አያደርገውም። ልዩነቱ ያለው ሰው ያየውን ነገር ለራሱ ክብር ወይስ ለእውነት ያውለዋል በሚለው ላይ ነው። ከብሩስ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ዋሊያንና ጭላዳን እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ አስተዋወቀ፤ የሰበሰባቸውም ቆዳዎች በፍራንክፈርት ቤተ መዘክር ገቡ። በዓለም ሳይንስ መጽሐፍ ላይ የእርሱ ስም አለ። አውሬዎቹን ዋሊያና ጭላዳ ብለው የጠሩት የሰሜን ሰዎች ግን ስማቸው የለም።

ይህ ጉዳይ የባዕዳን ብቻ እንዳይመስል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለጥምቀት ጎንደር የወረደ የአዲስ አበባ ሰውም በማግሥቱ ወደ ሳንቃበር ይወጣል። እርሱ ከባዕዱ ይልቅ ይበልጥ ባለዕዳ ነው፤ ምክንያቱም «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ከስካውቱ ጋር በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል፤ ሳይጠይቅ ቢመለስ «ቋንቋ አላውቅም» ብሎ ማመካኘት አይችልም።

ደግሞም ሌሊቱ ከሰሜን አልጠፋም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የፓርኩ ጓሳና አስታ በእሳት ሲጋይ በራሪ መሣሪያ ከኬንያ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪደርሱ ድረስ በእጁ ባለው ነገር ከእሳቱ ጋር የታገለው የአካባቢው ሕዝብና የፓርኩ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተስፋፋ። በእነዚህ ዓመታት የጎብኚው ቁጥር አሽቆለቆለ፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩና ወጥ ሠሪው እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡበት ጊዜ ብዙ ነው። የቀን እንግዳ አገሩ ሲመሽበት አይመጣም፤ አይወቀስበትምም። ነገር ግን ሰላም ባለ ጊዜ የመጣና የጠየቀ ሰው አገሩ ሲጨልም ከሩቅ «እንዴት አደራችሁ?» የሚልበት ምክንያት አለው። ያልጠየቀው ግን ገደሉን እንጂ የሚያስታውሰው ሰው የለውም። የምስክርነት ጥቅም የሚታየውም ያኔ ነው፤ የሰሜን ስም የተራራ ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው የሰዎቹን ነገር የሰማና የሚናገር ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ ዕዳው ከባድ አይደለም፤ ግን አይቀርም። በመኪናው ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጠውን ስካውት ስሙንና አገሩን መጠየቅ፣ ከማዶ ያለው አምባ ማን ይኖርበት እንደነበረ መጠየቅ፣ መልሱ ደስ ባያሰኝም ሳያቋርጡ መስማት፣ አገር ሲመለሱም «የሰው እጅ ያልነካው ምድር አየሁ» አለማለት። ይህ ሁሉ ቀን አይጨምርም፤ ዋጋም አያስወጣም። አንድን የቀን መንገደኛ ግን ከተመልካችነት ወደ እንግድነት ያሻግረዋል።

ማታ 12 ሰዓት ላይ መኪናው ጎንደር ሲገባ መንገደኞቹ በየማደሪያቸው ይበተናሉ። በዚያው ሰዓት በሳንቃበር ብርዱ ይወርዳል። ጭላዳዎቹ ቀኑን ከዋሉበት መስክ ተነሥተው በገደሉ ግንባር ወዳሉት ማደሪያዎቻቸው እየተንጠለጠሉ ይወርዳሉ። ስካውቱ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ያዘግማል። ከግጭ የወረደው ገበሬም በደባርቅ ዳርቻ በሩን ይዘጋል። ለእነዚህ ሁሉ መሽቷል። ቀን ሳለ የተመለሰው እንግዳ ያን ምሽት አብሯቸው አላደረም፤ ነገር ግን የት እንደሚያድሩና እንዴት እንደሚያድሩ ጠይቆ ከሆነ የሚቀጥለው ጧት ለእርሱም የሚነጋው ከእነርሱ ጋር ነው።